ልክ ናቸው

ቅዳሜ አመሻሹን፣ ቢቸና ሲያካፋ፣
የአዳራሹ መብራት ሲመጣ ሲጠፋ፣
አሥራ አንድ አዛውንቶች ከዘራቸውን ጥለው
ይደረደራሉ ደብተር ጉልበት ላይ አውለው።
“የኔታ” ይሉኛል፣ የልጅ ልጅ እኩያ፤
ማፈር እንኳ ነበር መጀመሪያ መጀመሪያ።
አሁን አቶ ሽባባው “ሠ”ን አይተው ይስቃሉ፤
“ይቺማ መንሽ ናት፣ ማን ያጣታል?” ይላሉ።

እትዬ የኔአየሁ ጥግ ነው ወንበራቸው፤
ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ አውራ ጣት ፊርማቸው፤
ለመሬቱ ደብተር፣ ለማዳበሪያ ዕዳ፣
ያቺው ጣት ነበረች ቀለም የምትቀዳ።

ፊደል የለዩ ለት ሣጥን ከፈቱና፣
ጓዴ ከሁመራ የላካትን አገኙና፣
ባላቸው ያነበቡላቸውን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣
“እናቴ ናፈቀችኝ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ድምጿን እሰማለሁ” የሚለውን
በጣታቸው እየተከተሉ ፈለጉ።
የለም።
“ብሩ አልቆብኛል። ወባ ይዞኝ ነበር። መቶ ብር ላኩልኝ።”
ይኸው ነው። ከታች ቀኑ።
“ያ ውሸታም!” አሉኝ፤ ሳቁ፤
ከዚያ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት።

ዛሬ የንባብ ተራው የእሳቸው ነው።
እጥፋቷ የተበላ ወረቀት ይዘው ተነሡ፣
መነጽራቸውን በክር ጆሯቸው ላይ አስረው፣
ዳገት እንደሚወጣ ሰው ቃል በቃል እያረፉ፣
“እናቴ... ናፈቀችኝ” አሉ፤
“ዝናብ... በጣለ ቁጥር... ድምጿን እሰማለሁ።”
ጣታቸው “ብሩ አልቆብኛል” ላይ ነው።
ከጀርባ ቆሜ አያለሁ።
“ልክ ናቸው ወይ፣ የኔታ?” አሉ አቶ ሽባባው።
“ልክ ናቸው” አልሁ፤
ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ መጥረግ ጀመርሁ።