ሠላሳ ኪሎ ሜትር

ከደሴ እስከ ሐይቅ፣ ሰው ከሞላ መኪና፣
አምሳ ደቂቃ ነው፤ ቦሩን አልፎ ገና
ነፋሱ ይሞቃል፣
ያንድ ሰው ወግ ሳያልቅ ውሃው ብቅ ይላል።
ይህን ማውራቴ መንገድ ላስረዳ አይደለም፤
“ሩቅ ነው” እል ነበር። እንዲያ ያለ ሩቅ የለም።

አያ ሙሄ አጎቴ ጃንጥላ ነው ሥራው፤
ሽቦው የታጠፈ፣ እጀታው የላላው፣
ከገበያው ጥግ ላይ ፊቱ ተከምሮ፣
ክር በጥርሱ ነክሶ፣ አንገት አቀርቅሮ።
ቀልድ አይሆንለትም፤ ምክር አያውቅበት፤
ሰው ታመመ ካሉ ግን፣ አይገኝም ከቤት።

አስራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ታይፎይድ ጥሎኝ፣
ቦሩ ሆስፒታል ጣራው እየዞረብኝ፤
አንዱ ብርቱካን ይዞ፣ አንዱ ወተት በፔርሙስ፣
“አላህ ያሽርህ” ብሎ ይወጣል ሳይመለስ።
እሱ ባዶ እጁን ነው።
ካልጋዬ እግርጌ ካርቶን አነጠፈ፣
ዘጠኝ ሌሊት ሙሉ እዚያው አሳለፈ፤
ዘበኛው ቢያስወጣው በጓሮ ተመልሶ፣
ነርሷ ብትቆጣው እንደ ልጅ አጎንብሶ።
ትኩሳቱ ለቆኝ ዓይኔን ስገልጠው፣
የሰው ጃንጥላ ጭኑ ላይ፣ ሽቦ ሲያቃና ነው።
“አያ፣ አለህ?”
“አለሁ።”
መርፌው ነው ያዳነህ ይሉኛል፤ ይሁን፤ እሰማለሁ።

አደግሁ። ደሴ ገባሁ። ፒያሳ ቢሮ አለኝ።
ስልክ ገዛሁለት።
ሁለቴ አስጠርቶ ይዘጋል፣ ሂሳብ እንዳይቆርጥበት።
መልሼ ስደውል፣ ከሰው ፊት እንደቆምኩ፣
“ምን ጎደለ አያ?” እያልኩ፣
“ኧረ ምንም፤ ድምፅህን ብዬ ነው።
መቼ ትመጣለህ?”
“የሚመጣው ጁምዓ ነው።”
ጁምዓ ጁምዓን ወልዶ፣ ክረምቱም ተጋምሶ፣
ብር ላክሁለት። ብሩ ቀደመኝ፤ ሐይቅ ገባ ገስግሶ።

ማክሰኞ ማለዳ ያው ቁጥር ጮኸ።
አንዴ።
ሁለቴ።
ሦስቴ። አልዘጋም።
አያ ሙሄ የያዘው ስልክ እንዲህ አይጠራም።

እኛ ዘንድ ሬሳ አያድር፤ ዙህር ተሰገደ፤
መኪናው እስኪሞላ፣ አያ ቀድሞ ሄደ።
ስደርስ አፈሩ ርጥብ፣ ድንጋዩ ተደርድሮ፣
ሰዉ ይመለሳል፣ ትከሻው ላይ አካፋ አኑሮ።
“አይክፋህ፤ ብዙ ሰው ቀበረው” አለችኝ ሚስቱ ሉባባ፣
የሷን ሳታብስ የኔን ልታብስ እንባ።
ብዙ ሰው ነበረ። ያክስቴ ልጅ ዘገየ፣
ማተብ ያሰረው፣ ከውጫሌ ማልዶ መቃብር የለየ፤
ስሙ ነው እንጂ፣ እሱማ መች ዘገየ።

ከሳጥኑ አወጣች አንድ ጥቁር ጃንጥላ፤
የኔው ናት፣ በሰው እጅ የላክኋት በበልግ፣ ሽቦዋ ቢላላ።
ቀጥ ብላ ተጠግናለች። እጀታዋ ላይ ብጣሽ ወረቀት፤
በእርሳስ “የታጁ” ይላል።
ዝቅ ብሎ፣ “ሲመጣ”።

ዘንድሮ ሉባባ ቦሩ ተኝታለች።
ሊነጋጋ ሲል ነቅታ “ማነው?” ትላለች።
“እኔ ነኝ፤ አለሁ።”
ስልኬን አጥፍቼ ካርቶን ላይ ቁጭ ብያለሁ።
ካርቶን ይቀዘቅዛል፣ ይቆረቁራል፤ ማንም አልነገረኝ።
ሽቦ ማቃናት አልችል፤
እጄን የት እንደማኖረው ገና ነው ግራ የገባኝ።