ስም የሌለው ገጽ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፤ ሌሊት ሰባት ሰዓት።
ከሠንጠረዥ ሁለት አንዲት የነጥብ ስሕተት
ዓይኔን ይዛ ቀረች፤
ሠላሳ ስምንት ከስድስት? ወይስ ሰባት ነበረች?
የአርባ አንድ ሠራተኞች የመኝታ ሙቀት፣
ከማድቤት በስተኋላ፣ ከውሃ ጋን በታች፣
ቴርሞሜትር ከትራስ ሥር እያሳደሩ
ያመጡልኝ ቁጥር።

አርማለሁ። ማረም ድሮም አውቅበታለሁ፤
ያኔ ከጤፍ መሐል፣ ዛሬ ቃል እነቅላለሁ።
"አጠቃሎው አይለፍ ከሁለት መቶ ቃል"
ብሏል መመሪያው፤ መንቀል ይቀጥላል።
"ተሳታፊ ዐሥራ ሰባት እያጠበች ሳለ ራሷን ስታ ወደቀች"፤
ስምንት ቃል ናት፣ በዛች።
"አንድ ክስተት ታይቷል" ብዬ አሳጠርኋት፤
ሰውን ያህል አጣጥፌ ሦስት ቃል አደረግኋት።

ቀጥሎስ? "ገምጋሚው ማንነት እንዳያውቅ
የጸሐፊዋ ስም ከገጹ ይፋቅ።"
ሳቄ መጣ።
አጅማን የገባሁ ለት የፊተኛዋ ማዳም
"ይሄ ስም ከምላሴ አይስማማም፤
መርየም ነሽ" ብላኝ ነበር።
ሰባት ዓመት በመርየም ጠረግሁ፣ ተኮስሁ፤
ሌሊት ሌሊት በራሴ ስም ለፈተና አነበብሁ።

እናቴ ስታወጣው ሁለት ቃል ነበረ፤
በእሷ አፍ ሲደጋገም ክፍተቱ ተሰወረ።
ስሜነሽ።
ጠቋሚውን አሳረፍሁ፤ ሰረዝሁ። ገጹ ነጣ።

ላክሁት።
"ደርሶናል" ሲሉኝ ነው ያየሁት ዘግይቼ፣
ፋይሉን ራሱን ምን ብዬ እንደጠራሁት ረስቼ፦
"ስሜነሽ፣ የመጨረሻው የመጨረሻ፣ አራት።"
ይመልሱት እንግዲህ፤ በስሜ ይጥሩት።