ዐሥራ ሁለት ቋጠሮ

ጥቅሉ ከደሴ ነው፣ በሰው እጅ የመጣ፤
ጋዜጣውን ስቀድድ ጥጡ ቀድሞ ወጣ።
ሰማያዊ ፖፕሊን፣ ዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ፣
አባቴ ነው የሰፋው፣ አምፖል ሥር አምሽቶ፤
በአልጋ ዙሪያ የሚታሰር የሕፃን ትራስ፣
ስትገላበጥ ሌሊት እንዳይጋጭ የእሷ ራስ።
ዐሥራ ሁለት ጥብጣብ፣ ዐሥራ ሁለት ቋጠሮ፣
የእንጨቱን ልክ በስልክ ጠይቆ፣ ቆጥሮ።

አሰርኩት።
ሮተርዳም ዝናብ ነው፤ ወደቡ ላይ የክሬኑ መብራት ይበራል፣ ይጠፋል፤
ፈትለወርቅ በአራት ቀኗ ቅጥር ተሠርቶላታል፤ ማን ደፍሮ ያልፋል?

ማርሉስ ትባላለች፤ በብስክሌት መጣች፣
ካፖርቷን ደጅ አራግፋ፣ እጇን ታጥባ ገባች።
ስምንት ቀን አራስ ጠባቂ። አልጋችንን በቢራ ሣጥን አራት
ያስነሣችን እሷ ነች፣ ጎንበስ ማለት እንዳይበዛባት።
ልጅቱን አየች። ጥብጣቡን አየች። ዝም አለች።
ከዚያ የመጀመሪያውን ቋጠሮ በሁለት ጣት ሳበች።

«ያምራል» አለች። «እጅ ያለው ሰው ነው የሰፋው።
ግን አፍንጫዋ ጨርቁ ላይ ሲገጥም ፊቷን ማን ሊያዞረው?
አንገቷ ገና ክር ነው። የተነፈሰችውን መልሳ
እዚያው ትስበዋለች፤ ሳታለቅስ፣ እናንተን ሳታስነሣ።»

«ገበያው ዳር ይሸጣል» አልኩ፣ «ጥንቸል የተሣለበት፣
ከዚህ እጥፍ የወፈረ፣ የሚመስክር ዋጋ ያለበት።»
«ለማን ነው የሚሸጠው? ሕፃን ቦርሳ አላት?»
«እንጨቱስ? እንጨቱ ቢመታት?»
«ቢመታት ታለቅሳለች።
ያለቀሰች ልጅ» አለች፣ «አለች።»

(በእሷ ቋንቋ ሁለት የተለያየ ቃል ነበረ፤
በእኔ ጆሮ ሲደርስ ተቃቅፎ አደረ።)

ሁለተኛውን እኔ ፈታሁ። ሦስተኛውን መቅደላዊት።
የቀረው የተወጠረ አንሶላ፣ እጅጌ የሌላት ከረጢት፣
በጀርባዋ የተኛች ልጅ፣ እግሯ ግርጌውን ነክቶ፤
ሌላ ምንም። ምንም!
እኔ ባዶን ስፈራ ያደግሁ፣ ባዶ ድስት፣ ባዶ ኪስ አይቶ
ዓይኑን የሚመልስ ሰው፣
ለልጄ ባዶ ልስጣት? ስጦታ ብዬ ባዶ ላውርሰው?

እሑድ አባቴ ደወለ። «ታሰረ ወይ?» «አዎ።» ዋሸሁ።
በሚቀጥለውም እሑድ።
በሦስተኛው «አሳየኝ» አለ፤ ስልኩን ወደ አልጋው አዞርኩ፤
ፍርግርጉ ብቻ፣ እንደ ተነቀለ ጥርስ የተገጠገጠ፤
በዚያ ወገን የመኪናው እግር ቀጥ አለ፣ ድምፁም ተቋረጠ።
የማርሉስን ነገር ነገርኩት፣ እየተንተባተብኩ፣
ስለ አፍንጫ፣ ስለ ትንፋሽ፤ ለራሴም ያስተረጎምኩ እስኪመስል ደገምኩ።

ይመር ልብስ ሰፊ አርባ ዓመት
ጎረምሳውን ከነሱሪው፣ ሙሽራዋን ከነቀሚሷ ያውቃል።
«መፍታት የፈራ ሰፊ» አለኝ፣ «ገና ተማሪ ይባላል።
ስንቱን ቀሚስ ለሠርጉ ማግሥት ተርትሬ አስፍቻለሁ፣ ጠበበኝ ሲሉ።
ልጅቱ ትተንፍስ።
ጥጡን ግን እንዳትጥለው፤ የመርሳ ጥጥ ነው።»

አልጣልኩትም። ሦስት አጥፌ በገዛ ጥብጣቡ አሰርኩት፤
ከአልጋዋ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ለጉልበቴ አነጠፍኩት።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንበረከካለሁ፣
ጆሮዬን ለፍርግርጉ ሰጥቼ እሰማለሁ፤
ይገባል፣ ይወጣል፤ ይገባል፣ ይወጣል፣
መርፌው አይታየኝም፣ ክሩ ግን ይሰማል።

ትናንት ተንፈራገጠች፤ ክንዷ እንጨቱን ኳ አደረገው፤
ለቅሶዋ ከሕንፃው በታች ውሻ ቀሰቀሰ።
መቅደላዊት በእንቅልፍ ልቧ፣ «ምን ሆነች?» አለችኝ።
«አለች» አልኳት።