ማስታገሻ

ወረቀት አይጠይቅ፣ ሐኪም አያዝዘው፤
በብረት መስኮት ነው ከዘቢባ እምገዛው።
ቀዩን ክኒን። ስሙ ምላሴ ላይ አይዞርም፤
«የወገቡን» እላለሁ፤ እሷም አትሳሳትም።
ጠዋት ሁለት ፍሬ፣ ገና እህል ሳልቀምስ፣
ማታ ሁለት ፍሬ፣ ከቤቴ ሳልደርስ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ፀሐይዋ ሳትወጣ፣
ሲሚንቶ የጫነው መኪናው ሲመጣ፣
ግማሽ ኩንታል ወርዶ ትከሻ በትከሻ፣
ወገብ ምን ያድርገው? ለመነ ማስታገሻ።

የወገብ ሕመም ደቻቱን ይመስላል፦
ቀን ቀን አሸዋ ነው፣ ፍየል የሚያልፍበት፣
ልጆች የጨርቅ ኳስ የሚለጉበት፤
ደርቋል ብለህ ስትተኛ፣ ደጋው ዘንቦበት
በሌሊት ይመጣል፣ አልጋህ ድረስ፣ ሳታስብበት።

ሰባት ዓመት ሆነን፤ ልጅ አልመጣም።
እናቴ ሂንዲያን እንጂ እኔን አትጠይቅም።
«ማሕፀኗ በርዶት ነው» ብላ
ከሐረር ሥራሥር ታስመጣለች፣
በትኩስ ታጠጣታለች።
እህቶቼ በጎን፣ «ሌላ አግባ፣ ምን ጎደለህ?» ይላሉ።
እውነት፣ ምን ጎደለኝ?
የአሸዋ ሰፈር ጎረምሶች በጉልበቴ ይምላሉ።

ሂንዲያ ጠጣችው። ሁሉንም፣ እስከ አተላው።
የእኔን ክኒን ግን ማንም መድኃኒት ብሎ አልቆጠረው።

በኋላ ሐኪም ቤት ሄድን። የተጠራው የእሷ ስም ነው።
ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ፣
«አንተስ፣ የምትወስደው ነገር አለ?»
«አቦ፣ እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ምን መድኃኒት አለኝ!»
ሂንዲያ ከቦርሳዋ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣች፤
ልብሴን ባጠበች ቁጥር ከኪሴ የለቀመችውን
የክኒን ልጣጭ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠች።
ብር ብር እያለ ተንሿሿ።
«የሁለት ዓመቱ ነው» አለች። «የቀደመውን ጥየዋለሁ።»

ልጅ ነው ሐኪሙ፣ ጢሙ ገና ነው፤ አልፈረደብኝም።
«እሱ ነው» አላለም፣ «አይደለም»ም አላለኝም።
የደሜን ወረቀት በእስክሪብቶ እየነካ፣
«የወንድነት ሆርሞንህ ለጊዜው ልክ ነው፤
ከራስ የሚወርደው ትእዛዝ ግን በዝቷል።
አለቃ ታውቃለህ አይደል?
አንዴ ሲጠራው ያነሳ የነበረ ሰው
ዛሬ አሥር ጊዜ ተጮኾበት ያንኑ ያነሳል።
ቆጠራው አልጎደለም። ጩኸቱ ነው የበዛው።
ክኒኑ ይሁን ሌላ፣ ገና አላወቅነውም፤
ለጥቂት ወራት ተወውና ዘርህንም መርምረን እንየው።»

ዋቅጋሪን አሰብኩት፣
ከመኪናው ሥር እንደወደቀ የቀረውን።
የወደቀ ለታ እንኳ
አንድ ከረጢት አልጎደለበትም ነበር።

በባጃጅ ስንመለስ፣ በከዚራ ጥላ፣
ቃሉን በአፌ አገላበጥኩት፣ ክኒኑን ትቼ፦
ማስታገሻ።
የታገሠው ማነው?
እኔ ዋጥኩ፤ እሷ ታገሠች።
የሰባት ዓመቱን ዋጋ እሷ ከፈለች።

«ለእናቴ ምን ልበላት?»
«ወርያ፣ ወገብህን አሳያት» አለች፤
ሳቀች፣
መስኮቱ በሌለበት በኩል ዞራ።

ዛሬ ዘጠነኛ ሌሊቴ ነው ያለ ክኒን።
ደቻቱ መጥቷል፤ አልጋው ላይ ነው።
ሂንዲያ አሸዋ በብረት ድስት አሙቃ፣
በአሮጌ ሽርጤ ቋጥራ ወገቤ ላይ ጫነችው።
ይፋጃል።

«ነገ ስንት መኪና አለ?»
«ሦስት።»
«ሁለት በል።»