ባለ አንድ ፊደል

ሙጥራህ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ ገደል የተደገፈ ቤት፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ኤሲው ባልዲ ላይ የሚያንጠባጥብበት፣
ሰባት ዓመት ሙሉ ቢቢ ዙዌናን ሳገላብጥ
አንዲት ፊደል ሰማሁ፣ ካፍ አፍ ስትለዋወጥ።

«ና» ናት።
ከአገሬ ስወጣ ሻንጣዬን ሲመዝኑ እሷን አልመዘኗት።
«ና፣ እግርህን ታጠብ»፣ «ና፣ ሳይቀዘቅዝ ብላ»፣
ለልጄ ለይትባረክ መጥሪያ፤ ሥራ የላትም ሌላ።

መጀመሪያ የከዳችኝ በረኛው ሻምሱል አፍ ውስጥ ነው።
ቆሻሻ ልጥል ስወርድ፣ ቅጠል ባቀላው ጥርሱ፣
«ና! ና!» አለኝ፣ እጁን እያወናጨፈ።
በወንድ አንቀጽ መጠራቴ ቢገርመኝም ሄድኩለት።
ለካ የቤንጋሊ «ና»፣ «ተይ፣ እንዳትመጪ» ኖሯል፤
የደረጃው ሲሚንቶ ገና እርጥብ ኖሯል።
ጫማዬ ዛሬም እዚያው ታትሟል፣
ሻምሱል ሲጠርግ ዙሪያውን ያልፈዋል።

ጣሪያ ላይ ልብስ ስናሰጣ ሉዝቪሚንዳ፣ የታችኛው ቤት ሠራተኛ፣
«ታማ ና» ትል ነበር፣ እመቤቷ አላስተኛ
ስትላት። «በቃ፣ አሁንስ» ማለት ነው።
የፊሊፒንሶች «ና» ሰዓት ነው፣
ነገር ሲደርስ የሚደወል።
«ኡዊ ና አኮ» አለችኝ አንድ ሐሙስ፤ ልግባ እንግዲህ ወደ አገሬ።
የልብስ መቆንጠጫዎቿን አወረሰችኝ፣ አሥራ አራት፣ አንዱ ሰባራ።

እመቤት ቡሰይና ስልክ ይዛ «ቤትና» ስትል
«ቤትና ምን?» ብሎ ጆሮዬ ይንጠለጠል፤
ቤትና መኪና? ቤትና ሰላም? ቀጣዩ አይመጣም።
«ቤታችን» ማለቷ ነው በዐረብኛ።
ቤቱ ውስጥ አለሁ፤ ፊደሏ ውስጥ የለሁም።

ዐርብ ዐርብ ሩዊ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጥላ ሥር
የሽሬዋ ለተብርሃን ሰማችኝ ይህንን ስናገር።
«ጥንት ‹ንዓ› ነበረች» አለች፣ ከጉሮሮዋ ስባ፤
«እኛ እስከ ዛሬ ይዘናታል፤
እናንተ ናችሁ ዐይኗን ያጠፋችሁባት።»
እውነቷን ነው፣ ዐይን የሚሉት ፊደል ወድቆባታል።
ታዲያ ዐይን የሌላት ምን ይፈረድባታል፣
በየሰዉ ቋንቋ በር እየዳበሰች ብትገባ፣
ያልወለዷትን «እናቴ፣ አባቴ» ብትል?

ቢቢ ዙዌና ዛንዚባር ነው የተወለደችው።
ዐረብኛው ቀድሞ ጥሏት ሄደ፣ ቀጥሎ የልጆቿ ስም፤
የቀራት የሞግዚቷ ስዋሂሊ ብቻ ነው።
ማለዳ «ቻይ ና ምካቴ» አለችኝ፣
ሻይና ዳቦ አቀረብኩላት።
ቡሰይና ከበሩ ቆማ፣ «ማን አስተማረሽ?»
ማንም። ራሷ ናት፣ የእኛዋ «ና»፣
ያችው ቃል ከቃል አቆራኝ፤
ልዩነቱ፣ በእኛ አፍ የፊተኛው ጭራ ናት፣
በቢቢ አፍ መሐል ቆማ የሁለቱንም እጅ ትይዛለች።
ከዚያ ወዲያ በ«ና» ኖርን፤ ውሃ ና ክኒን፣ ሌሊት ና ትራስ፣
እኔ ና እሷ።

በጥቅምት አንድ ሌሊት «ና…» ብላ ቆመች።
ቡሰይና «የእኛ» ያለች መሰላት፣ አለቀሰች።
ነርሱ «እንቢ» ነው አለ፣ መርፌውን ነቀለ።
እኔ ቀጣዩን ቃል ጠበቅኩ፣ እስከ ንጋት፣
መርከቡ ጡሩምባውን እስኪነፋ ድረስ። ቀጣዩ አልመጣም።

በሳምንቱ ይትባረክ ደወለ። ድምፁ ጎርንኖ አላወቅኩትም።
«እማ፣ አሥራ ስድስት ሞላኝ። ትምህርቱ ምንም አያመጣም።
ደላላው በባሕር ይወስደኛል፣ እኔም ልምጣ እዚያ ልሥራ።»
ደነገጥኩ። እጄ ተወናጨፈ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ታየኝ፣
ከአማርኛ ሁሉ አንድ ቃል አልደረሰልኝ፣
«ና! ና!» ብዬ ጮኽኩ፣ በሻምሱል አፍ።

ዝም አለ ትንሽ።

«እሺ እማ» አለኝ። «መቼ?»