የአጋም ጎረቤት

ሌሊት ሌባ ገብቶ ሳፋና አንሶላ ወሰደ፤
ዘነበች «ሽቦ ግዛ» አለች፣ ልቧ እንደነደደ፤
«እሾሃማውን፣ ጥምዝማዙን፣ እንደ ሰፈሩ ሰው!»
ሽቦ ሲዝግ እንጂ ሲያብብ ግን ማን አየው?

ቅዳሜ ቦኩ ወጣሁ፣ ኦቦ ሆርዶፋ ደጅ፤
በወተት ጣሳ ሰጠኝ የቁጥቋጦ ልጅ።
«ሀጋምሳ» አለኝ በሱ አፍ፣ በኔ አፍ አጋም ሆነ፤
ስሙ ሁለት ቢሆንም እሾሁ አንድ፣ የታመነ።

እትዬ ትርንጎ፣ አጥሯ ላይ ጠርሙስ የሰበረች፣
ጉድጓድ ስቆፍር ሰምታ ከበሯ ብቅ አለች፦
«ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል
ሲያለቅስ ይኖራል ይባላል።
ግድግዳችን አንድ ነው፤ ቁልቋሏ እኔ ነኛ!»
መልስ አጣሁ። ሥሩን አፈር አለበስኩት፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ።

የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ሳያንኳኳ ይገባል፤
ኮረብታው ላይ ነጭ ክንፍ አዙሮ መብራት ያወጣል፣
እኔ ግቢ ሲደርስ ግን ቅጠል ብቻ ያወልቃል።

ሦስት ዓመት የሳህን እጣቢ፣ ሦስት ዓመት ጭቅጭቅ፤
ቁመቱ ከጉልበቴ አልፎ ከወገቤ ሳይዘልቅ።
የተቀደደ ሸሚዜን እየጠቀመች ዘነበች
«ሌባ አልያዘም፣ ባል ያዘ» አለች።

በአራተኛው ዓመት፣ በልጉ እንዳባራ፣
ነጭ አበባ ለበሰ፤ ማታ ማታ ሽታው እስከ ባጃጅ ተራ።
ሹፌሮቹ «ማነው ሽቶ የደፋው?» ይላሉ፤
ተሳፋሪዋን በመስታወት ያያሉ።

ከዚያ ፍሬው፤ መጀመሪያ ቀላ፣
ጠቆረ በኋላ።
አንዱን ቅርንጫፍ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሰባት።
ነገ ልለቅም አስቤ፣ ሲነጋ አምስት አገኘሁበት።

በጋቢ ተጠቅልዬ፣ ዱላ ይዤ አደፈጥሁ፤
«ሌባ!» ልል አፌን ስከፍት፣ ላባ ሆኖ አገኘሁ፦
ጉትያዋ የቆመ፣ ጭራዋ ካካሏ የረዘመ፣
ግራጫ ወፍ፤ ስሟን የጠየቅሁት ሁሉ «ወፍ ናት» እያለ ደመደመ።
ዘመዶቿን ሰብስባ፣ ቁልቁል ተንጠልጥላ፣
ትበላለች፣ ከእሾሁ መሃል ተደላድላ።
ለሰው የዘጋሁት በር
ለእሷ ቤት ሆኖ ነበር።
ዱላዬን ግድግዳ አስደገፍኩ። ሻዬ ቀዘቀዘ።

በሳምንቱ እትዬ ትርንጎ አንሶላ ይዛ መጣች፤
ነጩን ጨርቅ በሁለት እጇ ወጥራ ዘረጋች፤
መሃሉ ላይ ወይን ጠጅ ነጥብ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት።
«ወፎችህ ናቸው። ይኸው የእንባዬ ምክንያት!»
አጠብኩላት። ታሽቶ ታሽቶ
እድፉ አለ እስካሁን፣ ፈዞ እንጂ መች ጠፍቶ።

ክረምት ላይ፣ ከቧንቧዋ ሥር፣
የጠርሙሱ ስባሪ ጥላ ከሚጥልበት ዳር፣
ሁለት ቅጠል በቀለ፤ ያልተከለው የሰው እጅ፣
ከነማዳበሪያው ከሰማይ የወረደ ልጅ።
ትነቅለዋለች ስል፣ በግድግዳው አሻግሬ ሳይ፣
ሦስት ድንጋይ ደርድራለች ዙሪያው ላይ፤
ዶሮዎቿን «እሽ!» ትላለች።
አየችኝ። መሰለኝ አፈረች።

«ስንት ዓመት ይፈጃል?»
«ካዩት አሥር፤ ከረሱት አራት።»
«እንግዲያው አላየሁትም» አለች፣
የውሃውን ጆግ ከጀርባዋ ደብቃ።