በአራት መቶ ቃል

«ቦርዱ ውስጥ ለምን እንምረጥሽ? በአራት መቶ ቃል።»
ቅጹ እንዲህ ይላል።
ከጦሳ የወረደው ጉም መስኮቴን ሸፍኗል፤
ሆጤ ላይ መብራት የለም፤ የላፕቶፔ ባትሪ ሠላሳ በመቶ ቀርቶታል።

ስም፦ ሉባባ። የቤተሰብ ስም፦ — ባዶ መተው አይቻልም።
አራጋው ብዬ ሞላሁ፤ አራጋው አባቴ ነው እንጂ ቤተሰብ አይደለም።
ይቺን እንኳ ላስተካክል ብገባ አይከፋም።

ከየት መጣሁ? ከክር ፋብሪካ፣ ከኮምቦልቻ፤
ደመወዝ የሚያሰላው ፕሮግራም የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር ብቻ።
ጳጉሜ ስትመጣ
የቀን ሠራተኛው አምስት ቀን ፈትሎ ስሙ ከዝርዝር ወጣ።
ዘምዘም፣ ጣቷን ክር የበላት፣ መስኮቴ ላይ ቆማ
«እነዚያን ቀኖች እኔ የት ነበርኩ?» አለችኝ፣ ደክማ።

ኮዱ ክፍት ነበር። ገባሁ። ሦስት ሌሊት ፈጀ።
አሥራ ሦስተኛዋን ወር ጠቅሜ ላክሁ፤
ማንነቱን የማላውቅ ሰው አንብቦ መለሰልኝ፦ «በጀ።»
በዚያች አንድ ቃል የእናንተ ሆንኩ።

ራእይሽን ጻፊ ትላላችሁ። ራእይ የለኝም፤
ያየሁትን ግን አልረሳም።

ሰፈራችን ቅሬ አለው። መስጊድ ሰጋጅ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣
ለሁሉም አንድ ድንኳን፣ አንድ ድስት፣ አንድ አግዳሚ።
የቸገረው ይወስዳል፤ አጥቦ ይመልሳል፤
ከተሰነጠቀም የሰነጠቀው ይናገራል።
አንዳንዱ ግን በትልቁ ድስት መቶ ሰው ሰርግ ያበላበታል፣
ጥላሸቱን ሳያራግፍ በር ላይ ጥሎት ይሄዳል።
(እናንተም ጋ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች አሉ፤ ስማቸውን ባልጠራ ይሻላል።)

ዕቃ ቤቱን የሚጠብቅ አያ ሙሄ ነበረ፤
ሃያ ዓመት ያለ አበል፣ በሌሊት እየተጠራ ኖረ።
የትኛው ድስት እንደሚያፈስ፣
የትኛዋ መበለት ሳትከፍል «ከፍላለች» እንደተባለላት በእርሳስ፣
እሱ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

አንድ ሰኞ፣ ገበያው ሳይቆም፣ አያ ሙሄ አረፈ፤
የቅሬው ለፋፊ በየመንደሩ ዞሮ ለፈፈ።
ሰው መጣ፤ ካፊያም መጣ፤
ድንኳኑን ማን ያውጣ?
ቁልፉን ስንፈልግ፣ ሰፈር ስናምስ፣
ነበረ በራሱ፣ በአያ ሙሄ ኪስ።
ሃያ ዓመት የሰው ሐዘን ሲያስጠልል ኖሮ
በእሱ ቀን ሐዘንተኛው ረጠበ፣ በሩ በብረት ታስሮ።

እናንተ ጋ ስንት አያ ሙሄ አለ?
ዓለም የተደገፈበትን አንድ ፋይል ለብቻው ያዘለ፣
ከሥራ መልስ፣ በልጅ ሳል መሃል፣ ስድብ እየተቀበለ?

ብትመርጡኝ ይህን ሰው እፈልገዋለሁ፣ ሳይታመም።
ከካዝናው አበል እንዲቆረጥለት እከራከራለሁ፤ ምስጋና ብቻውን ጤፍ አይሸምትም።
አጠገቡም ሁለተኛ ሰው አስቀምጣለሁ፣
እንዲተኛ።

ሌሎቹ እጩዎች «ወደ ላቀ ደረጃ» ይላሉ፤
ደረጃውን አላየሁትም፤ የሚያፈሱትን ድስቶች ግን ልቁጠር፣ ብዙ አሉ።

ስብሰባችሁ ለእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤
እነቃለሁ፤ አንዳንዴ እናንተም በተራችሁ ብትነቁ ምን አለው?

የማልችለውን አልምልም። መብራት ከጠፋ፣ ጠፋሁ።
በባዕድ ቋንቋ ስናገር እሰናከላለሁ፤
ቃለ ጉባኤ ግን አሳምሬ እይዛለሁ፣
ያልነበረ ሰው አንብቦ እንደ ነበረ እስኪሰማው ድረስ።
ሁለት ዓመት። ከዚያ መዝገቡን፣ እርሳሱን ሳይቀር አስረክቤ፣
ድስቴን አጥቤ እወጣለሁ።

ቆጣሪው ሁለት ቃል ብቻ እንደቀረኝ ይናገራል፤ ባትሪው አራት በመቶ።
ከመናኸሪያው የሚኒባስ ረዳት «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» ይላል፣ ጉም ውስጥ ገብቶ።
ሁለቱን ጻፍኩና ላክሁ፦

ቁልፉ የት?